ለተያዘ ፊት ኃይለኛ ልምምድ ይጠቅማል?

ውድ እህታችን፣ የባለቤትዎ ፊት በአንድ ወገን ከተያዘ አንድ ወር እንደሞላው፣ ሐኪሙም ቤል ፓልሲ (የፊት ነርቭ በድንገት መድከም) መሆኑን እንደነገራችሁ ገልጸው፣ ማስቲካ ማኘክና ጉንጭን በኃይል መንፋት ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ሕመም የግራ ፊቴ ተይዞ በፊዚዮቴራፒ ስለታገዝኩ፣ ያየሁትንና የተማርኩትን ላካፍልዎት።

በኃይል የሚደረገውን ልምምድ ባለቤትዎ ባያደርገው እመርጣለሁ። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ ክፉኛ ሲጎዳ፣ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እያደገ ስለሚመለስ፣ ገና ትእዛዝ ያልደረሰውን ጡንቻ በማስጨነቅ ማፋጠን አይቻልም፤ አፍን በኃይል መሳብም ደህናውን ጎን እያበረታ ፊቱን ይበልጥ ያጣምመዋል። ማስቲካ የምናኝክባቸው ጡንቻዎች ደግሞ የሚታዘዙት በአምስተኛው ነርቭ ነው፤ ስለዚህ ለተያዘው ፊት የሚጨምሩለት ነገር የለም።

እኔ የተማርኩት ልምምድ እጅግ ዝግ ያለ ነበር። መስታወት ፊት ተቀምጬ መጀመሪያ ትከሻዬንና መንጋጋዬን አላላለሁ፤ ከዚያም ደህናው ጉንጭ እንዳይቀድም በአንድ እጄ ገታ አድርጌ፣ የሌላውን እጄን ጣት በተያዘው የአፌ ጥግ ላይ አሳርፌ፣ ፈገግታውን ወደ ላይ በቀስታ አግዘዋለሁ። ሁለቱ ጎኖች እኩል መሄድ ሲያቅታቸው እዚያው ላይ አቆማለሁ። ፈገግ ስል ባለሙያዋ ከከንፈሬ ይልቅ ዓይኔን ትከታተል ነበር፤ ምክንያቱም ነርቩ ሲያገግም አንዳንድ ጭራዎቹ መንገድ ስተው ወደ ሌላ ጡንቻ ስለሚገቡ፣ ከወራት በኋላ ሰውየው ፈገግ ሲል ዓይኑ አብሮ ሊጨፈን ይችላል። ይህ ሲንኪኔሲስ ይባላል። ምልክቱ ከታየ፣ ዓይኑ መጥበብ ከመጀመሩ በፊት የሚያበቃ ትንሽ ፈገግታ መለማመድ ያስፈልጋል፤ ከበረታም ባለሙያ የሚሰጠው፣ ጡንቻን የሚያላላው የቦቱሊነም መርፌ ከፊዚዮቴራፒው ጋር ይረዳል።

በኤሌክትሪክ ጡንቻን ማነቃቃትን በተመለከተ ጥቅሙ በጥናት አጥጋቢ በሆነ መንገድ ስላልተረጋገጠ፣ የፊት ነርቭ ሕክምና የሚያውቅ ባለሙያ ሳያማክሩ መሣሪያ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ እንዳትጠቀሙ አደራ እላለሁ።

ከልምምዱ ሁሉ የሚቀድመው ግን ዓይኑ ነው። የማይከደን ዓይን ስለሚደርቅ፣ ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ሌሊት ደግሞ የዓይን ቅባት መጠቀምና ሽፋኑን በሚገባ ከድኖ በሕክምና ፕላስተር መያዝ ያስፈልጋል፤ ቢቀላ፣ ቢያም ወይም እይታው ቢደበዝዝ በዚያኑ ዕለት የዓይን ሐኪም ይየው። ክንድ ወይም እግር ቢዝል፣ አንደበትም ቢተሳሰር፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አብዛኛው ታማሚ በጥቂት ወራት ውስጥ ያገግማል፤ ሦስት ወር ሞልቶት ፊቱ ላይ ምንም እንቅስቃሴ ካልታየ ግን ሌላ መንስኤ እንዳይኖር ሐኪሙ እንደገና ሊመረምረው ይገባል።