ስኳሩ የት ገባ?

ውድ ወጣቶች፣

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ በቅርቡ እርሾ ስኳርን ወደ ነዳጅ በሚለውጥበት ቤተ ሙከራ ለልምምድ ትገባላችሁ። ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ስትቆሙ ታላቅ ነገር የሚጠብቃችሁ ይመስላችኋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠብቃችሁ ግን የብርጭቆ ዕቃ ማጠብ፣ ዱቄት መመዘንና ሌላው ሲሠራ ዳር ቆሞ ማየት ነው። ቅር አይበላችሁ። ከእርሾ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬ ዛሬም ሚዛኑን ራሴ ካላየሁ ልቤ አያርፍም።

እኔ ተለማማጅ ሳለሁ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር፤ በአንድ ሊትር 50 ግራም ግሉኮስ ያለበትን ፈሳሽ በእርሾ አብላልቼ ምን ያህል ኢታኖል፣ ማለትም ነዳጅ የሚሆነው አልኮል፣ እንደሚወጣው መለካት። ከሁለት ቀን በኋላ ለካሁ፣ አካፈልሁ፣ ከእያንዳንዱ ግራም ስኳር 0.54 ግራም ኢታኖል አገኘሁ። በመጻሕፍት ካነበብሁት ሁሉ ይበልጥ ነበርና ወረቀቱን ይዤ ወደ ኃላፊዬ ሮጥሁ። እርሷም ቁጥሩን አይታ ፈገግ አለችና፣ «ይህ ሁሉ ኢታኖል ከሆነ፣ ጋዝ የሆነው ስኳር ከየት መጣ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሲብላላ 92 ግራም ኢታኖልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። 92ን ለ180 ብታካፍሉት 0.511 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። እርሾውም ሕይወት ያለው ፍጡር ስለሆነ ለራሱ አካል ግንባታና ግሊሰሮል ለተባለ ነገር ከስኳሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከዚህ ጣሪያ ዘጠና በመቶውን የደረሰ ሰው ሥራው ያማረለት ነው። የእኔ 0.54 ታዲያ ግኝት ሳይሆን የሒሳብ ጉድለት ነበር። ጉድለቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጥንስሱን ከትናንትናው ዕቃ ስቀዳ እርሾውን ብቻ ሳይሆን እርሾው ሌሊቱን የሠራውን ኢታኖልም አብሬ ገልብጬ ነበር። ሥራው ሲጀመር፣ ማለትም በዜሮ ሰዓት፣ ናሙና ስላልወሰድሁ ትናንት ከሌላ ስኳር የተገኘውን በዛሬው ስኳር ስም መዘገብሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ሳይታዘዝ የዜሮ ሰዓት ናሙና ይወስዳል። ለእናንተም የምመክረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ ብዙዎች ግን «ገና ምንም ሳይሆን ምኑን እለካለሁ?» ብለው ያልፉታል።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ጋዙ ከዕቃው ሲወጣ ዕቃው ይቀልላል፤ በጠራ መብላላት ከክብደቱ አንድ ግራም በቀነሰ ቁጥር 1.045 ግራም ያህል ኢታኖል ተሠርቷል ማለት ነው። የውኃ ትነት እንዳያታልላችሁ እርሾ የሌለበትን አንድ ዕቃ ከጎኑ አስቀምጡና እርሱንም መዝኑ። ኢታኖልን በሚለካው ውድ መሣሪያ ላይ ወረፋ ስትጠብቁ ሚዛኑ ወሬውን በነፃ ይነግራችኋል። ሁለቱ ያልተስማሙ ቀን ደግሞ ከሁሉ የምወደው ቀን ነው፤ አንዱ ዋሽቷል፣ ማን እንደሆነ ማወቅ የእናንተ ፋንታ ነው። (ክዳኑን ግን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ። ከ50 ግራም ስኳር 12 ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣል፤ ብርጭቆ ይህን አይችልም።)

አንዳንድ ጊዜ ስኳሩ ያልቃል፣ ሚዛኑ ግን አይነቃነቅም። ያኔ ያልተጋበዘ እንግዳ ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ከላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ግሉኮስን ያለ ጋዝ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ስኳሩን ይበላሉ፣ በሚዛኑ ላይ ግን ምልክት አይተዉም። እ.ኤ.አ. በ1856 ሊል በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል የሚያመርት አንድ ባለ ፋብሪካ ምርቱ እየኮመጠጠ ቢያስቸግረው ሉዊ ፓስተርን ለመነው። ፓስተር በማይክሮስኮፕ ሲመለከት በደህናው ጋን ክብ ክብ እርሾዎችን፣ በኮመጠጠው ደግሞ ከእነርሱ እጅግ ያነሱ በትር መሰል ነገሮችን አየ። ዛሬም ከዚያ የተሻለ ጅምር የለም፤ አንዲት ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጉና እዩ። አምስት ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ ያልሰጠ ሰው ሦስት ሳምንት ሲከፍል አይቻለሁ።

አውቶክሌቭ ስለሚባለው፣ በታመቀ እንፋሎት ጀርም ስለሚገድለው ዕቃ፣ 121 ዲግሪና 15 ደቂቃ የሚለውን ሁሉም ይነግራችኋል፤ ብዙ ፈሳሽ ያለበት ትልቅ ዕቃ ከዚያ የረዘመ ጊዜ እንደሚፈልግ የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው። ስኳሩንና የናይትሮጅን ምግቡን ለየብቻ አሙቁ፤ አብረው ከሞቁ ይጠቁራሉ።

ከንጹሕ ግሉኮስ ወደ ገለባና እንጨት የተሸጋገራችሁ ጊዜ ትዕግሥታችሁ ይፈተናል። ገለባን በአሲድና በሙቀት ስናፈርሰው ከስኳሩ ጋር ፉርፉራል የሚባል ለእርሾ መርዝ የሆነ ነገር ይወለዳል። እርሾው መጀመሪያ ይህን መርዝ ወደ ቀለለ ነገር መለወጥ አለበት፤ እስከዚያ ለብዙ ሰዓት ዝም ይላል። አንድ ጎበዝ ተለማማጅ «ሞቷል» ብሎ ሦስቱንም ዕቃዎች አፍስሶ አጥቦ ሲጠብቀኝ ምን እንደምለው ጠፋኝ፤ በጣም ንጹሕ አድርጎ ነበር ያጠባቸው። በመጨረሻ የሚቀር ስኳር ስታገኙም እርሾውን ሰነፍ አትበሉት። ከገለባ የሚወጣው ዛይሎስ የተባለው ስኳር ከሆነ፣ ተራው የዳቦ እርሾ ከተፈጥሮው ሊያብላላው አይችልም።

ደብተራችሁን በእስክሪብቶ ጻፉ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አትፋቁት፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር ይነበብ። የእኔ 0.54 ዛሬም ይነበባል። ስታፍሩበት የነበረው ገጽ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ተለማማጅ የምታሳዩት እርሱ ይሆናል።

በሦስት ወር ዓለምን ከቤንዚን አላቅቃለሁ ብላችሁ አትምጡ። አንድ ሊትር ኢታኖል የሚሰጠው ኃይል አንድ ሊትር ቤንዚን ከሚሰጠው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ከውኃ ለመለየትም ሌላ ኃይል ይጠይቃል። ይህን እያወቀ የሚሠራ ሰው ከእኔ ጋር ቢውል ደስ ይለኛል።

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ሙከራ አትጀምሩ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚቀዘቅዘውን ማቀዝቀዣ ከፍታችሁ ያስቀመጣችሁትን እያንዳንዱን ብልቃጥ አውጡ፤ የእርሾውን ዓይነት፣ ቀኑን፣ የደብተራችሁን ገጽ ጻፉበት። ባለፈው ጊዜ ማቀዝቀዣውን ስናጸዳ «ጥሩው» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ሙሉ ሳጥን አገኘን። ከምን እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው በቤቱ አልነበረም፤ ጣልነው።