«እማ ብር ላኪልኝ» ያለችው ልጅቷ አልነበረችም

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻና ከደሴ የደረሱን ናቸው፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም አዘጋጆች፣ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ነው ምትሰራው። ባለፈው የምታውቃት ልጅ በቴሌግራም «ልጄ ውድድር ላይ ናት ድምፅ ስጭልኝ» ብላ ሊንክ ላከችላት፣ ስልክ ቁጥሯን አስገባች ከዛ የመጣላትን ኮድ ሞላች። ማታውኑ በሷ ቴሌግራም ለእናቴ «እማ ተቸግሬ ነው 15 ሺ ብር በጓደኛዬ አካውንት አስገቢልኝ» ተብሎ ተፃፈ፣ እናቴ ማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔ ነኝ፣ ቀጥሎ ደሞ «አብሽሪ እማ ደህና ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ፣ ድምፁ የራሷ ነው ወላሂ! ላክን። በኋላ እንደውልላት ብንል ቁጥሯን የያዘ ሰው ጠፋ፣ ሁሌ በቴሌግራም ነው ምናወራው። ድምፅ በኤአይ (በሰው ሰራሽ አስተውሎት) ይሰራል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እንደዛ አርገውን ነው? ብሩስ ይመለሳል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ እህቴ፣ አላህ ይተካላችሁ። በኤአይ የሰው ድምፅ መስራት ይቻላል፣ ግን እናንተ ጋ ያን ያህል መድከም ያስፈለጋቸው አይመስለኝም። ቴሌግራም ተራውን ቻት የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ስለሆነ እህትሽ የሞላችውን የመግቢያ ኮድ ያገኘ ሰው በሌላ ስልክ ሲገባ የድሮው ወሬ ከነድምፁ ከነፎቶው ይከፈትለታል፣ ከዛ እህትሽ አንድ ቀን የላከችውን «አብሽሪ» አንስቶ እንደገና መላክ ነው። ቻቱን ወደ ላይ ወጥተሽ ፈልጊው፣ ያው ድምፅ የሆነ ቦታ ሳይኖር አይቀርም። «እማ» ብላ እንደምትጠራትም እዛው ነው ያነበቡት። ደሞ የገቡት በክፉ በኩል ነው፣ ወሎ ውስጥ ስንቱ ቤት ነው አረብ አገር ባለች ልጅ የሚተዳደረው፣ ሁሌ ላኪ የነበረች ልጅ አንድ ቀን ተቸገርኩ ስትል የቷ እናት ናት ቆይ ላጣራ ምትለው?

አካውንቱን በተመለከተ፣ እህትሽ በራሷ ስልክ መግባት ከቻለች ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለው ጋ ገብታ ሌሎቹን ስልኮች በሙሉ ታስወጣ። ቴሌግራም አዲስ የገባን ስልክ ነባሩን እንዳያስወጣ ለ24 ሰዓት ይከለክለዋል፣ ስለዚህ በጊዜ የነቃ ሰው ይቀድመዋል። ከዛ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ታብራ፣ ይሄ ከኮዱ ሌላ የራሷን ፓስዎርድ የሚጠይቅ ነው፣ እሱ ቢኖር ኖሮ ኮዱን ብትሰጥም ሰውየው በር ላይ ነበር የሚቀረው።

ብሩን በተመለከተ ተስፋ ሰጥቼ ላታልልሽ አልፈልግም፣ እንዲህ አይነት ብር ሲገባ ወዲያው ነው የሚወጣው። ቢሆንም ደረሰኙን ይዛችሁ ባንኩ ሂዱ፣ የተቀባዩ አካውንት እንዲታገድ አመልክቱ፣ ፖሊስ ጋም ቃል ስጡ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በማታለል እስከ 5 ዓመት ፅኑ እስራትና እስከ 50 ሺ ብር ይቀጣል፣ አካውንቱ ደሞ በሆነ ሰው ስም ነው የተከፈተው፣ «ጓደኛዬ» የተባለው ሰው መነሻ ይሆናል።

እኔን ከብሩ በላይ የከነከነኝ ግን ቁጥሯን የያዘ ሰው መጥፋቱ ነው። ልጅ ባህር ተሻግራ የምትገኘው በአንድ አፕ ብቻ ከሆነ አፑ የተወሰደ ቀን ልጅቷም አብራ ጠፋች ማለት ነው'ኮ። የሳውዲ ቁጥሯን ከነ 966ቱ፣ የአሰሪዋን ቤት ቁጥር፣ አብራት ያለች አንዲት ልጅ ቁጥር በወረቀት ፅፋችሁ እናትሽ የምታስቀምጥበት ቦታ ይቀመጥ። ብር የሚል ነገር በመጣ ቁጥር በተራ ስልክ ተደውሎ ይጠየቃል፣ ለጥያቄውም ቻት ላይ ተፅፎ የማያውቅ ነገር ምረጡ፣ የላሟን ስም እንኳ ቢሆን።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ጫማ እሸጣለሁ። አንድ ወጣት በቴሌብር ከፈልኩ ብሎ ስክሪንሾት አሳየኝ፣ ኔትወርክ ስለሌለ ነው ይገባል አለኝ ሰጠሁት፣ እስካሁን አልገባም። ደንበኛን እንዴት አላምንህም ይባላል? (ባለሱቅ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እሱን አላመኑትም አልተባለም፣ የራስዎን ስልክ ነው ሚያዩት። ስክሪንሾት ማንም ልጅ ስሙንና ብሩን ቀይሮ በደቂቃ ይሰራዋል። ለርስዎ ማስረጃው ከቴሌብር ቁጥር ከ127 የመጣ መልእክት ነው፣ በ09 ወይ በ07 ከሚጀምር ቁጥር ቃል በቃል ተገልብጦ ቢመጣም የግለሰብ ስልክ ነው። ይበልጥ የሚሻለው ሂሳብዎን ማየት ነው፣ ዳታ የለም የሚሉኝ ከሆነ *127# ያለ ዳታ ይሰራል። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ አልነበር፣ አፕ ብቻ የለመደ ሰው ብሩ እያለው ሲቸገር አይተናል (ትንሽ ጥሬ ብር ሱቅ ውስጥ መያዝም ነውር አይደለም)። ብሩ ካልገባ ጫማው ባንኮኒው ላይ ይቆይ፣ እውነተኛ ደንበኛ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። «በስህተት ላክሁብዎት ይመልሱልኝ» የሚል ስልክ ቢመጣም እንደዚሁ መጀመሪያ ሂሳብዎን ይዩ።

ጥያቄ፦ ተመርቄ ስራ የለኝም። ቪዲዮ ላይክ እያረጉ በቀን የሚከፍል ድርጅት አገኘሁ፣ መጀመሪያ 200 ብር ከፈሉኝ ከዛ ለማደግ 3 ሺ አስገቢ አሉኝ አስገባሁ። ቻትጂፒቲ የሚባለውን ኤአይ ጠይቄው ህጋዊ ይመስላል ብሎኝ ነበር። (ተመራቂ፣ ደሴ)

መልስ፦ ምን ሰጥተሽ ነው የጠየቅሽው? ራሳቸው የፃፉትን ማስታወቂያ ከሆነ ቻትጂፒቲ ያየው የነሱን ወሬ ብቻ ነው። ቢሯቸው ሄዶ አላየ፣ የንግድ ፈቃዳቸውን አላገላበጠ። ጥሩ አማርኛ ስለሚናገር ያጣራ ይመስላል። ያቺ 200 ብር ማጥመጃ ናት፣ ሰራተኛ ለማደግ ለቀጣሪው ሲከፍል የት አገር ነው ያየሽው? ቀጥሎ «ብርሽን ለማውጣት ታክስ ክፈይ» ይሉሻል፣ እንዳትከፍይ። ጓደኛ ጋብዢ ካሉሽ አትጋብዢ። ተናደሽ ቻቱን እንዳታጠፊው ደሞ፣ ከላክሽበት አካውንት ቁጥር ጋር ለፖሊስ ምታሳይው እሱን ነው።