ኮምፒውተር ለሚገጣጥሙ ወጣቶች፦ ድሬዳዋ እምቢ ያለው 450

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ «ጋሼ፣ ፕሮሰሰሬን ኦቨርክሎክ ላደርገው ነው፤ የውሃ ማቀዝቀዣ ልግዛለት ወይስ ትልቅ ማራገቢያ ይበቃዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰርን፣ ያን የኮምፒውተሩን አእምሮ፣ ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። አጭር መልስ የሚበቃው ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ስለ ድሬዳዋ ሳወራው አመሸሁና ልጁ መልሱን ሳያገኝ በትሕትና ተሰናብቶኝ ሄደ። እንግዲህ ለእርሱም፣ እንደ እርሱ እጃቸው ለሚቁነጠነጥ ሁሉም ልጻፈው።

በ1992 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር መሸጫና መጠገኛ እሠራ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር ነበረ። ፕሮሰሰሩን ከቀሩት ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘው መስመር (ባስ) 66 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይህ ማባዣ በሚባለው ቁጥር፣ በ4.5፣ ተባዝቶ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት 300 ገደማ ያደርሰዋል። ማባዣው ተቆልፏል፤ ባሱን ግን ወደ 100 ከፍ ካደረጋችሁት ያው ርካሽ ዕቃ 450 ሜጋኸርዝ ይሮጣል። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) አልታዘዝ ካለ ደግሞ በፕሮሰሰሩ ካርድ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩት ወርቃማ ንክኪዎች መካከል ቢ21 የሚባለውን መሸፈን ነው። ማዘርቦርዱ ያኔ ለ100 የተሠራ ፕሮሰሰር የተሰካበት ይመስለዋል።

ይህን ዘዴ ወደ ሱቃችን ያመጣው አብሮኝ የሚሠራ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ነበር። መሸፈኛው የእኅቱ የጥፍር ቀለም ነው፤ ቀይ። ሥራ ከተዘጋ በኋላ ማሽኑን ከፍቶ፣ ቴርሞሜትር ሂትሲንኩ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚቀበለው ብረት) ላይ በፕላስተር ለጥፎ ያድራል። በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ የክፍሉን ሙቀት፣ የሂትሲንኩን ሙቀት፣ መብራት ስንት ጊዜ እንደሄደ ሳይቀር ይጽፋል። እኔ 450 የሚለው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እጨፍር ነበር። እርሱ ግን «ሌሊት የተፈተነ ማሽን ለቀን ዋስ አይሆንም» እያለ ይመዘግባል።

የሱቁ ባለቤት ከደብተሩ ውስጥ ያነበበው 450 የምትለዋን ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሱቁ ባለ300ዎቹን በባለ450 ፕሮሰሰር ዋጋ መሸጥ ጀመረ፤ ለገዢው የተነገረ ነገር አልነበረም። ከእነዚያ ማሽኖች የተወሰኑት ድሬዳዋ ለሚገኝ አንድ የማሠልጠኛ ማዕከል ተላኩ።

ግንቦት ላይ «ኮምፒውተሮቹ ቀትር ሲያልፍ ይደርቃሉ፤ ምንም ቢነኳቸው አይታዘዙም» የሚል ስልክ ተደወለና ሁለታችንም ሄድን። ድሬዳዋን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሰው ማታ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ሲተኛ በጣም ገርሞኝ ነበር፤ ኋላ እኔም አወጣሁ። ጠዋት ማሽኖቹ ምንም የላቸውም፤ አሠልጣኙ በሐሰት የጠራን ሊመስለን ሁሉ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ተራ በተራ መድረቅ ጀመሩ። ባልደረባዬ አንዱንም ሳይከፍት ቴርሞሜትሩን አውጥቶ በቆርቆሮ ጣሪያው ክፍል መሐል ቆመ። ሠልጣኞቹ ሳቁበት። ማራገቢያ ፕሮሰሰርን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ እንደማይችል፣ ሙቀቱ ምንጊዜም በክፍሉ ሙቀት ላይ እንደሚደመር ያስረዳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍሉ 18 ዲግሪ ሆኖ 50 የሚደርስ ፕሮሰሰር፣ ክፍሉ 36 ሲሆን 68 ይደርሳል። አዲስ አበባ በሌሊት ያለፈው ማሽን ድሬዳዋ በቀትር የወደቀው በዚህ ነው።

የጥፍር ቀለሙን በአሴቶን እየፋቅን ሁሉንም ወደ 300 መለስናቸው። ገዢዎቹ «ለምን ዝቅ አደረጋችሁት?» ሲሉ ባልደረባዬ እውነቱን ነገራቸው። አዲስ አበባ ስንመለስ ባለቤቱ ጥፋቱን በእርሱ ላይ አላክኮ አሰናበተው። ልጁ ወደ ቤት መብራት ዝርጋታ ሥራ ገባ፤ ኮምፒውተር ዳግም አልነካም። ደብተሩ ሱቁ ቀረና ከአሮጌ ደረሰኞች ጋር በኪሎ ለኮሎ ሻጭ ተሸጠ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ደብተር ነው። የአገራችንን ክፍልና የአገራችንን መብራት ለክቶ የጻፈ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

እናንተ ቪዲዮ ሞልቶላችኋል። ነገር ግን ቪዲዮውን የሠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል በቀረበ ከተማ ተቀምጦ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ቢዞር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ ተሸክሞ የሚወስደው ሙቀትም እንዲሁ። የውሃ ማቀዝቀዣም ከዚህ አያመልጥም፤ ውሃው ሙቀቱን ራዲያተሩ ድረስ ያደርሰዋል እንጂ ከዚያ ወዲያ የሚረከበው ይኸው ስስ አየር ነው። የሚክሰን ክፍላችን ቀዝቃዛ መሆኑ ነው።

ፓወር ሰፕላይ ርካሽ አትግዙ፣ አቧራ ጥረጉ የሚለውን አልደግመውም። ቮልቴጅን ግን እደግመዋለሁ። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ነው። ሁለቱንም በ10 በመቶ ብትጨምሩ ሙቀቱ በ33 በመቶ ገደማ ያድጋል። ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ አለመረጋጋት ከመጠን ካለፈ ቮልቴጅ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጾ በባዮስ (ኮምፒውተሩን በሚያስነሣው ፕሮግራም) በኩል የሚጫን ማስተካከያ አውጥቷል፤ አስቀድሞ የተጎዳውን ግን ማስተካከያው አያድነውም። የዛሬ ፕሮሰሰር ሙቀትና ኃይል እስከፈቀዱለት ድረስ በራሱ ጊዜ ይፈጥናል። ስለዚህ አትንኩት። ከነካችሁትም ቮልቴጁን ዝቅ አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ሳይቀንስ ይቀዘቅዛል።

አትንኩት አልኩ እንጂ ያን የጥፍር ቀለም ሌሊት በምንም አልለውጠውም። ታላቅ ወንድማችሁ የጣለው አሮጌ ማሽን ካለ እርሱን ከፍታችሁ እስኪደርቅ ድረስ ግፉት። የምታስቸግሩኝ ገና ምንም ሳትለኩ የሣጥኑን መስታወትና ቀለም የሚቀያይረውን መብራት የምትመርጡት ናችሁ። በእኛ ጊዜ ሣጥኑ ሁልጊዜ ክፍት ስለነበር መስታወት የሚያስፈልገው አልነበረም። ደግሞም ልመስክር፤ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታነባላችሁ።

ለሰፈራችን ልጅ ጥያቄ መልሱ ይኸው፦ ትልቅ ሂትሲንክ ከነማራገቢያው ግዛ፤ ፓምፕ የለው፣ የሚያፈስ ነገር የለው። የውሃውን ቀድመህ ገዝተህ ከሆነ ራዲያተሩን ከፓምፑ በላይ እሰረው፤ አለበለዚያ አየር ፓምፑ ውስጥ ይጠራቀማል። የተረፈህን ገንዘብ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝልህ ባትሪ) ላይ አውለው። ከዚያ አንድ ጌም ለረጅም ሰዓት አጫውተውና የክፍሉንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ከነሰዓቱ ጽፈህ ላክልኝ። ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ያላችሁም እንዲሁ ላኩ፤ ቀለም የሚቀያይረውን የሣጥን መብራት ፎቶግራፍ ግን አልፈልግም።