«አመሰግናለሁ» ለማለት ብቻ ኢሜይል ይላካል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! በአካል የማላውቀውን ሰው ሲቪዬን እንዲያይልኝ በኢሜይል ጠይቄው ሳይሰለች መስመር በመስመር አርሞ ላከልኝ። ላመሰግነው ስል ጓደኛዬ «ለአንድ ቃል ብለሽ የሰው ኢንቦክስ አታጨናንቂ፣ መጀመሪያ ስትጠይቂው በቅድሚያ አመሰግናለሁ ብለሽ የለ» አለችኝ። ግራ ገብቶኝ ይኸው ሳምንት አለፈ፣ አሁን ብልክ አያስቅም?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ላኪለት። ጓደኛሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፣ ሃምሳ ሰው ባለበት ኢሜይል ላይ ለሁሉም መልስ የሚለውን ተጭኖ «ታንክስ» ብቻ የሚል ሰው ሃምሳ ስልክ ነው የሚያስጮኸው፣ እሱ በእውነት ያናድዳል። ግሩፕ ላይ ከሆነም ቴሌግራም ከ2021 መጨረሻ፣ ዋትሳፕ ከ2022 ጀምሮ መልእክቱ ላይ ልብ ወይ አውራ ጣት ማድረግ ስለሚቻል እሱ ይበቃል። ያንቺ ጉዳይ ግን በሁለት ሰው መካከል ነው፣ ሰውየው ደግሞ ቁጭ ብሎ ሠርቶልሻል።

በቅድሚያ ያልሽው ገና ምንም ሳይደረግልሽ ነው። አንዳንዱ እንደውም እምቢ እንዳልል ነው ብሎ ይቀየማል (እኔ ክፋት አላይበትም)፣ ብቻ የኋላውን አይተካም። ደሞ ኢሜይል እንደ ዋትሳፕ ሰማያዊ ምልክት አያሳየውም፣ እርማቱ ይድረስሽ ስፓም ይግባ በምን ይወቅ? በ1995 የወጣው አርኤፍሲ 1855 የሚባለው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ እንኳ ቁም ነገር ያለው መልእክት ሲደርስ ዝርዝሩን በኋላ ብትጽፉም መድረሱን ቶሎ ባጭሩ አሳውቁ ይላል።

አዲስ ኢሜይል አትክፈቺ፣ እዛው እሱ የላከው ላይ መልሺ። ደረቅ «አመሰግናለሁ» ሳይሆን ምን እንደጠቀመሽ ይግባበት፦ «ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታ፣ እንዳሉኝ የሥራ ልምዴን ከቅርቡ ጀምሬ ደረደርኩት፣ ሦስት ገጽ የነበረው አንድ ተኩል ሆነ፣ በጣም አመሰግናለሁ።» በቃ። ለምን እንደዘገየሽ ታሪክ አታውሪ፣ ደግሞ አደራ «እግረ መንገድዎን ይቺን ማመልከቻም ቢያዩልኝ» የምትል ነገር ከሥሩ እንዳትለጥፊ፣ ምስጋናውን ገደል ትከተዋለች፤ ሌላ ነገር ከፈለግሽ ሌላ ቀን ራሱን አስችለሽ ጠይቂ።

መልስ ካልሰጠሽም አትከፊ፣ ለምስጋና መልስ አይጠበቅም። ሥራው ከተሳካልሽ ግን እሱንም በሁለት መስመር ንገሪው።