የኢትዮጵያና የኬንያ የእንጨት ግዢ፦ መስመሩ ለምን ይዘላል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የቤት ዕቃ እሠራለሁ። ችፑድና ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ፍርፋሪና ክር ተጨምቀው የሚሠሩ ሰሌዳዎች) የሚወደዱበትን ጊዜ ለመረዳት ኢትዮጵያና ኬንያ ከውጭ የሚገዙትን የደን ውጤት ላነጻጽር ሞከርኩ። የእኛን ከበጀት ዓመት ሪፖርት በብር፣ የኬንያን ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በዶላር ወሰድኩ። መስመሮቹ ግን ያለ ምክንያት ይዘላሉ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ? የጣና ደንገልስ ይቆጠራል?

መልስ፦ ችግሩ የጀመረው ከሁለት ምንጭ ሲቀዱ ነው። ሁለቱንም አገሮች ከፋኦ የደን መረጃ ያውርዱ፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ይገኛል። ኢትዮጵያ ግን እስከ 1992 የተመዘገበችው ኤርትራን ጨምራ ስለሆነ መስመርዎን ከ1993 ይጀምሩ።

የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2010 በጀት ዓመት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 ቀን 2017 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2018 ይዘልቃል፤ ማለትም በፈረንጆቹ ሁለት ዓመት ላይ ይተኛል። የአገር ውስጡን አኃዝ የግድ ካስፈለገዎት ለእ.ኤ.አ. 2018 የ2010 በጀት ዓመትን ግማሽ ከ2011 በጀት ዓመት ግማሽ ጋር ይደምሩ። ዕቃ ዓመቱን ሙሉ እኩል ስለማይገባ ይህ ግምት ነው። የየወሩን ካገኙ ከጥር 2010 እስከ ታኅሣሥ 2011 መደመር በእጅጉ ይሻላል፤ የሚዛነፈው በስምንት ቀን ገደማ ብቻ ነው።

ብሩን ይተዉት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አንድ ችፑድ እንኳ ሳይጨመር ግዢው በብር ሲታይ እጥፍ ሊቃረብ ይችላል። ዶላሩም ቢሆን የየዓመቱ ዋጋ እንጂ የዋጋ ንረት የተቀነሰለት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ መጠኑን ያነጻጽሩ፣ ዋጋውን ቀጥለው።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግንድ፣ ጣውላ፣ ችፑድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔርሳቶ በሜትር ኩብ ይመዘገባሉ፤ ወረቀትና የወረቀት ጥሬ በቶን። አንድ ላይ አይደመሩም። ጉምሩክ ግን ብዙውን በኪሎ ስለሚይዝ ለችፑድ 650 ኪሎን እንደ አንድ ሜትር ኩብ ያስሉ። በእጅዎ ባለው ይፈትሹት፦ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊሜትር ችፑድ 0.0536 ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ከ18 በላይ ችፑድ ይይዛል።

ከዚያ በየዓመቱ ዋጋውን ለመጠኑ ያካፍሉ። የአንድ ዓመት የሜትር ኩብ ዋጋ ካለፈውና ከሚቀጥለው አሥር እጥፍ ቢርቅ ገበያው አይደለም፤ ኪሎ በሜትር ኩብ ቦታ ገብቷል ወይም ዜሮ ተጨምሯል። ያንን ዓመት ከሻጭ አገር የወጪ ንግድ መዝገብ ጋር ያስተያዩ። በጅቡቲ ስለምናስገባ ሻጩ መድረሻውን ጅቡቲ ብሎ ሊጽፍ እንደሚችል አይርሱ።

ኬንያ በየካቲት 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2018) በመንግሥት ደኖች ዛፍ መቁረጥን አግዳ እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ስላቆየችው መነሻዎን ከዕገዳው በፊት ያለውን የእ.ኤ.አ. 2015–2017 አማካይ አድርገው 100 ይበሉት፤ ሌሎቹን ዓመታት ከእሱ አንጻር ያስሉ። የአንድ ዓመት መነሻ ያንን ዓመት ብቻ ያጎላል። በሕዝብ ቁጥርም ያካፍሉ፤ ኢትዮጵያ ከኬንያ ሁለት እጥፍ በላይ ሕዝብ አላት። በድንበር ያለ ወረቀት የሚያልፈው ጣውላና አጣና ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አይታይም።

ደንገል ዛፍ ስላልሆነ አይቆጠርም። ለእርስዎ ሥራ ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ተሠርቶ የሚገባ የቤት ዕቃም በጉምሩክ የዕቃዎች መለያ ምዕራፍ 94 እንጂ እንጨት ባለበት 44 ውስጥ የለም። ነጋዴው ችፑድ ማስመጣት ትቶ የተሠራ ቁም ሣጥን ቢያስገባ መስመሩ ይወርዳል፤ እንጨቱ ግን መግባቱን አላቆመም። ምዕራፍ 94ን በተለየ መስመር አብረው ይሣሉት።