«እኔ ማን ነኝ?» ለሚሉ የአዳማ ወጣቶች፦ ጥያቄና መልስ

አዳማ ላይ ከወጣቶች ጋር ስለ ማንነት ስንወያይ ሰዓቱ አለቀና ብዙ ጥያቄ በወረቀት ተጽፎ እጄ ላይ ቀረ። ስም አልጻፋችሁም፣ ጥሩ ነው። እኔ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን የማስተምር ነኝ። የቻልኩትን እነሆ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ወድቄያለሁ። ቤት ውስጥ ከአክስቴ ልጅ ጋር ያወዳድሩኛል። እግዚአብሔርም ያፈረብኝ ይመስለኛል።

ወንድሜ፣ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሁሉ ከንቱ ናቸው ብትባል ትስማማለህ? አትስማማም። ለራስህ ግን ይህንኑ እያልክ ነው።

ማርቆስ ምዕራፍ 1ን ክፈት። ኢየሱስ ተጠምቆ ከውኃው ሲወጣ «የምወድህ ልጄ አንተ ነህ፥ በአንተ ደስ ይለኛል» የሚል ድምፅ ከሰማይ መጣ። መቼ እንደሆነ ልብ በል። ማርቆስ እስከዚያ ድረስ አንድ የፈወሰው በሽተኛ፣ አንድ የጠራው ደቀ መዝሙር አልጻፈልንም። ዓመታቱን ናዝሬት ውስጥ በአናጢነት ያሳለፈ ሰው ነው። አብ ደስ የተሰኘው በሥራ ውጤት ቢሆን ኖሮ ድምፁ መጨረሻ ላይ በመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፈታኙ መጣ። ማቴዎስ 4 ላይ የመጀመሪያ ቃሉ «የእግዚአብሔር ልጅ ከሆንህ» የሚል ነው። ድንጋዩን እንጀራ አድርገህ አሳየኝ ነው ነገሩ። ልጅ መሆንህን በሥራ አስመስክር የሚለው ግፊት የመጣው ከዚያ ወገን ነው። እባክህ የአብ ድምፅ ነው ብለህ አትሳሳት። በክርስቶስ ያመኑትን ዮሐንስ 1 «የእግዚአብሔር ልጆች» ይላቸዋል፤ ውጤት አልጠየቃቸውም። ሪሚዲያል ከደረሰህ ግባ፣ ካልሆነ በግል ተፈተን፣ ወይም ሙያ ተማር። ሁሉም ጥሩ ነው።

«ዋጋ አለኝ» ማለት ትዕቢት አይሆንም?

አይሆንም። ትዕቢት ከሌላው እበልጣለሁ ማለት ነው። ሮሜ 12፥3 ከሚገባው አልፋችሁ አታስቡ ይላል እንጂ ራሳችሁን ናቁ አይልም።

ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ ቆይቼ ተመለስኩ። ገንዘቡን ለቤተሰብ ልኬ ጨረስኩት። እዚያ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። እዚህ ደግሞ ገንዘቡ ሲያልቅ ደዋዩም ጠፋ።

እህቴ፣ ይህን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። ዘፍጥረት 16ን አንብቢልኝ። አጋር ግብፃዊት ናት፤ በሰው አገር፣ በሰው ቤት የምታገለግል። ሦራና አብራም ስለ እሷ ሲነጋገሩ አንድም ጊዜ ስሟን አይጠሩም። «ባሪያዬ»፣ «ባሪያሽ» ነው የሚሏት። ነፍሰ ጡር ሆና፣ ተጨንቃ፣ ወደ በረሃ ኮበለለች። በውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት መልአክ ግን «አጋር» ብሎ ጠራት። ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ? አላት። የሚጠይቃት አገኘች። እሷም እግዚአብሔርን «ኤልሮኢ» አለችው፤ የሚያየኝ አምላክ። በመጽሐፍ ቅዱስ ለእግዚአብሔር ስም ስታወጣ የምናያት የመጀመሪያዋ ሰው ይህች ሠራተኛ ናት።

መልአኩ ወደ እመቤትሽ ተመለሺ ማለቱ ይከብዳል፣ እኔንም ይከብደኛል። ያ ለእሷ የተነገረ ነው። ወደ በደለሽ ሰው እንድትመለሺ ማንም ይህን ጥቅስ አያሳይሽ። ደግሞ ስለ ላክሽው ገንዘብ ቤተሰቦችሽን ቁጭ አድርገሽ አነጋግሪ። ዝም ማለት ሁልጊዜ ትሕትና አይደለም።

ኦርቶዶክስ ነኝ። ይህ የእናንተ የፕሮቴስታንቶች ትምህርት አይደለም?

በፍጹም። በ80 ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ የክርስትና ስም አልወጣልሽም? ያኔ እንኳን ፈተና ማለፍ፣ መዳህም አትችዪም ነበር። አንገትሽ ላይ ያለው ማዕተብም የማን እንደሆንሽ ይናገራል። ንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ከእኔ በተሻለ ያስረዱሻል።

ልጄ ቲክቶክ ላይ ላይክ ካላገኘች ትከፋለች። አሁን ደግሞ ፊት የሚያቀላ ቅባት ጀምራለች። ምን ልበላት?

እናቴ፣ በስብከት አይጀምሩ። ቅባቱን ለቆዳ ሐኪም ያሳዩት፤ ሜርኩሪ ወይም ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ፣ ጉዳታቸው ከባድ ነው። ቀጥሎ የቤቱን ወሬ ይመርምሩ። «እሷ ቀይ ናት፣ ታምራለች፤ ይቺ ግን አባቷን መስላ ጠቆረች» የሚባለውን ማለቴ ነው። ቡና ላይ በሳቅ ይወራል፣ ልጅቷ ግን ትይዘዋለች። እሱን ያስቁሙ። መዝሙር 139ን እንድታነብ አያስገድዷት። እርስዎ እየሰማችዎት «ልጄን ግሩምና ድንቅ አድርገህ ፈጥረሃታልና አመሰግንሃለሁ» ብለው ይጸልዩ።

እጸልያለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። መኖርም ሰልችቶኛል።

ይህን ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገር። ብቻህን አትደር። ኤልያስም «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ነበር፤ 1ኛ ነገሥት 19። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። ተኛ፣ መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ በላ። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪም ጋ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም።

ሰው «ዘርህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ክርስቲያን ነኝ» ብዬ ልለፈው?

ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈራህ ይገባኛል። ግን የተወለድክበትን መካድ አይጠበቅብህም። ገላትያ 3፥28 አይሁዳዊ ወይም የግሪክ ሰው የለም ሲል፣ በእግዚአብሔር ፊት ማንም በዘሩ አይበልጥም አያንስም ማለቱ ነው። ራእይ 7፥9 ላይ በዙፋኑ ፊት የቆሙት ከነገድና ከቋንቋ ሁሉ ናቸው። ቋንቋቸው እዚያም ይታወቃል።

አዳማን ናዝሬት ብለው የሰየሟት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ዛሬም ብዙ ሰው እንደዚያ ይጠራታል። የጥንቷ ናዝሬት ብሉይ ኪዳን ስሟን እንኳ ያላነሣት ትንሽ መንደር ነበረች። ናትናኤል «ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» ያለው ንቆ ነው። ኢየሱስ ግን ያን ስም አልጣለም። ከትንሣኤው በኋላ ለሳውል ሲገለጥ፣ ሐዋርያት 22፥8 ላይ፣ «አንተ የምታሳድደኝ የናዝሬቱ ኢየሱስ እኔ ነኝ» ብሎታል። ከሰማይ ሆኖ የመንደሩን ስም ጠራ!

ስለዚህ ጠያቂው በቅንነት ከጠየቀህ ሳታፍር ንገረው፣ አንተም የእሱን ጠይቀው። ሊለይህና ሊያጠቃህ ፈልጎ ከሆነ ግን የመመለስ ግዴታ የለብህም። ጸሎትህን ደግሞ እናትህ ባስተማረችህ ቋንቋ ጸልይ፤ በኦሮምኛም ይሁን በወላይትኛ።