ወንድሜን በማስረጃ ልጋፈጠው?

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። ታላቅ ወንድሟ «ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው» ይላል። ስልኩ ተጠልፏል፣ የሚያልፍ መኪና ታርጋ መልእክት አለው፣ ጎረቤቶቹ በምልክት ይነጋገራሉ። እሷም ይህ ሁሉ እውነት አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ፎቶ እያነሳች፣ ስትሰበስብ ከርማለች። «አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ላሳየው ነው። ጆን ናሽስ የነቃው እንደዚያ አይደል?» ትላለች። ናሽ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም የነበረበት አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ ታሪኩም በፊልም ተሠርቷል።

ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበርኩ። እሷ ያሰበችው ነገር ሲሞከር በዓይኔ አይቻለሁ። ቁጭቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ተኝተው ይታከሙ ነበር። ንግግራቸው የተስተካከለ፣ ሰው አክባሪ ናቸው። ችግራቸው አንድ ነው። ሚስታቸውን «ሚስቴ አይደለችም፤ መልኳን አስመስለው ያመጧት ሌላ ሴት ናት» ይላሉ። መጀመሪያ የሠራችውን ምግብ መብላት ተዉ። ቀጥሎ መኝታ ለዩ። በመጨረሻ በር ቆልፈውባት ውጭ አሳደሯት። ወደ ሐኪም የመጡት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ «እርጅና ነው፣ ያልፋል» እያለ ያጽናናት ነበር።

እሷ በየቀኑ ትመጣለች። አልጋቸው አጠገብ ትቀመጣለች። እሳቸው ፊቷን የሚመረምሩት ሰዓት በሚመረምሩበት ዓይን ነው። አንድ ቀን ጠጋ ብለው «ሲስተር፣ ልብ ብለሽ እያት። ሥራው ግሩም ነው። ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ እንኳን አልረሱትም። ግን ኦሪጅናሏ አይደለችም» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም። እንደ ባለሙያ ፍርድ ነው የሰጡኝ።

ሕመሙ ካፕግራ ይባላል። ጆሴፍ ካፕግራ የተባለ ፈረንሳዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1923 ከባልደረባው ጋር ሆኖ ስለ አንዲት ሴት ጻፈ። ሴትየዋ ባሏና ልጆቿ በተመሳሳዮቻቸው ተተክተዋል ብላ ታምን ነበር። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እንዲህ ብለው ያብራሩታል። አእምሮ ፊቱን ይለያል፤ ነገር ግን የምንወደውን ሰው ስናይ ውስጣችን የሚሰማን ነገር አይሰማም። መልኩ እሱ ነው፣ ስሜቱ ግን የለም። አእምሮም ይህን ክፍተት በራሱ መንገድ ይሞላዋል፤ «ሌላ ሰው ነው» ይላል። ያኔ ይህን የነገረን አልነበረም።

አንድ ማታ የዋርዱ ስልክ ጠራ። ሚስትየዋ ናት። ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው ስለነበር እጀታውን ሰጠኋቸው። ድምጿን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «የት ጠፋሽ? እዚህ አንዲት ሴት እየተመላለሰች አስቸገረችኝ እኮ» አሏት። እሷም እንደ ምንም ድምጿን አረጋግታ «እመጣለሁ። እስከዚያ መድኃኒትህን ዋጥ» አለቻቸው። «እሺ» አሉ። ዋጡም። ከዚያ በኋላ በየማታው ትደውል ጀመር። ቀን እንደ ባዕድ ትገላመጣለች፣ ማታ ሚስት ትሆናለች። ያቺ የማታ ስልክ ለሁለቱም መኖሪያቸው ሆነች።

አንድ ወጣት ሐኪም ይህን ሰማ። ደግ ሰው ነበር፤ ከታካሚ ጋር ሲጨዋወት የሚያመሽ። «በቃ፣ መፍትሔው ተገኘ» አለ። የሐኪሙን ክፍልና የነርሶችን ጠረጴዛ የሚለየው መስታወት ነው። ሚስትየዋን እዚያ አስቀመጣትና መጋረጃውን ጋረደ። ከውስጥ ደወለች። ሽማግሌው እኛ ጋ ሆነው በደስታ ማውራት ጀመሩ። መሃል ላይ ሐኪሙ መጋረጃውን ገለጠው።

ሽማግሌው ከንፈሯን አዩ። የያዙትን እጀታ አዩ። እንደገና ከንፈሯን አዩ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። እሳቸው ግን ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ድምጿንም ወሰዱት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሱም። ያቺ ሴት በቀን አንዴ ታገኘው የነበረውን ባሏን አጣች። በኋላ ሻል አላቸው፣ እሱም በመድኃኒትና በጊዜ ነው። መጀመሪያ ያመጣችውን ሻይ ጠጡ። ከሳምንታት በኋላ በስሟ ጠሯት። «ተሳስቼ ነበር» ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም። ያ የጠፋው ጊዜ ነው የሚያንገበግበኝ። ሐኪሙም ብዙ ቆይቶ ስንገናኝ መጀመሪያ ያነሳብኝ ያንን መጋረጃ ነው።

እንዲህ ያለ እምነት ማስረጃ አያፈርሰውም። ማስረጃውን ራሱን ይበላዋል። ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ ይህን ከአራት መቶ ዓመት በፊት አውቆታል። «ዶን ኪሆቴ» የተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል የታተመው እ.ኤ.አ. በ1605 ነው። ባለታሪኩ ዶን ኪሆቴ የፈረሰኞች ገድል ሲያነብ አእምሮው የተነካ ሰው ነው፤ የነፋስ ወፍጮዎችን ግዙፋን ናቸው ብሎ ገጥሟቸው ሲወድቅ አይነቃም። «መጻሕፍቴን የሰረቀው አስማተኛ ግዙፋኑን ወደ ወፍጮ ለወጣቸው» ይላል። ይህ አስማተኛ ከየት መጣ? ወዳጆቹ መጻሕፍቱን አቃጥለው ክፍሉን በግንብ ሲደፍኑት፣ አስማተኛ መጥቶ ወሰደው ብለው የነገሩት የገዛ ቤተሰቦቹ ናቸው። ስለዚህ «እውነትህን ነው» ማለትም መድኃኒት አይደለም። እኔ ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት በሌሊት ተረኝነት ነው። አንዲት ታላቅ ባልደረባዬ አውሳኝ፤ ሰው ሁሉ ያሥቃል ይላል፣ እኔን ግን መጽሐፉ ውስጥ አንድ መስፍንና ሚስቱ በሰውየው ሕመም ሲዝናኑ አስለቅሶኛል።

ስለ ናሽ ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» በተባለው ፊልም ላይ ናሽ የሌሉ ሰዎች ይታዩታል፤ ከእነሱ አንዷ የሆነችው ትንሽ ልጅ ዕድሜዋ እንደማይጨምር ሲያስተውል ይባንናል። ልብ የሚነካ ትዕይንት ነው። እውነተኛው ናሽ ግን ድምፅ ይሰማ ነበር እንጂ እንደዚያ የሌሉ ሰዎችን አያይም ነበር። በአንድ ቅጽበትም አልነቃም። ሕመሙ ካመጣበት አስተሳሰቦች ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ውስጥ እንደራቀ ራሱ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1994 ኖቤል ሲሸለም ከጎኑ የነበረችው የቀድሞ ሚስቱ አሊሺያ እ.ኤ.አ. በ1963 ተፋትታው ነበር። ኋላ ግን መጠጊያ ሲያጣ ቤቷ አስገባችው። ከሁሉም የሚደንቀኝ ይህ የእሷ ሥራ ነው። ናሽ መድኃኒት መዋጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ነው፤ እናንተ ይህን ይዛችሁ የማንንም መድኃኒት እንዳታስቆሙ። አቋርጠው ሕመሙ አገርሽቶባቸው የተመለሱ ስንቶችን ተቀብያለሁ።

ከፊልም ሕመም አትማሩ እላለሁ። ይህንን የናሽን ፊልም ግን እዩት።

እናንተ ከእኛ ዘመን ሰው የምትሻሉበት ነገር አለ፤ አፍ አውጥታችሁ ትጠይቃላችሁ። የማልወድላችሁ ደግሞ አለ። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ሰውን ትመረምራላችሁ። የተጣላችሁትን ሁሉ «ሳይኮ» ትሉታላችሁ። ስኪዞፍሬኒያ ሁለት ማንነት ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ300 ሰው አንዱን ገደማ የሚያጠቃ ሕመም ነው። ፊልሞቹ ቢላ ያስይዙታል እንጂ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ጉዳት ከማድረስ ይልቅ ጉዳት የሚደርስበት ይበዛል።

ወደ አንቺ ልመለስ፣ ልጄ። የሰበሰብሽውን አታሳዪው። «አዎ፣ እየተከታተሉህ ነው» ብለሽም አትዋሺው። «እኔ እንዳንተ አይታየኝም፤ ግን ፈርተሃል፣ ፍርሃትህ እውነት ነው» በይው። ስለ ሰላዮቹ አትከራከሪ፤ እንቅልፉን ጠይቂው፣ በልቶ እንደሆነ ጠይቂው። «አእምሮህ ታሟል፣ ሐኪም ጋ እንሂድ» ብትዪው እንቢ ይላል። «ስንት ሌሊት ሳትተኛ ነጋብህ፣ ለእንቅልፍህ እንሂድ» ብትዪው ሊሄድ ይችላል፤ እንቅልፍ ማጣቱም እውነት ነው። ሐኪሙንም ነገሩ ከየት እንደጀመረ ለብቻሽ አነጋግሪው። ሕክምናው ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የመሻል ዕድሉ ይጨምራል። ራሱን ስለማጥፋት ካነሳ፣ ወይም ድምፆቹ «አድርግ» እያሉ የሚያዙት ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ፤ ብቻውንም አትተዪው።

ፎቶዎቹን አትጣያቸው። መቼ እንዳነሳሻቸው፣ ያን ቀን ምን እንዳለ፣ ተኝቶ እንደነበር ከሥራቸው ጻፊና ለሐኪሙ ስጪው።